ለምሳ የተወሰደው ግልገል

«አንድ ሰው ነበረ፤ አሳማ ያረባ ነበር።»

ጋሽ ደምሰው እንዲህ ብለው ሲጀምሩ ጌጡ ፊቱን ቅጭም አደረገ። እሱ የጠየቀው ስለ ልጁ ነው። ልጁ ስመኝ ካገባች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። ባለፈው እሑድ አባቷ ሊጠይቃት ሲሄድ በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ «አባዬ፣ ዛሬ አልከፍትም፤ ይቅርታ አድርግልኝ» ብላ መለሰችው። ከዚያ ወዲህ ለጌጡ እህል አልወረደለትም። ስለዚህ አንደበታቸው ሻካራ ቢሆንም ሰፈሩ ወደሚያምናቸው ወደ ጋሽ ደምሰው መጣና፣ «ልጄ በሯን ለምን ዘጋችብኝ? ማን ነው ልቧን ያሻከረብኝ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ደምሰው በእርሻ ኮሌጅ የእንስሳት እርባታ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ትዕግሥታቸው ግን ከሳቸው ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

«አሳማ ስልህ አፍንጫህን አትያዝ» አሉት። «ብላ አላልኩህም፤ ስማ ነው ያልኩህ።»

ምሳሌውንም እንዲህ ነገሩት።

ይህ ሰው የመንግሥት ሥራውን በቃኝ ብሎ ሲለቅ ዘመዱ ሁሉ ዶሮ አርባ፣ የወተት ላም ያዝ አለው። እሱ የማንንም አልሰማም፤ አሳማ ገዛ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ሰፊ ግቢ ያዘ። ያንን ግቢ ለመግዛት እሱና ሚስቱ ከተማ ውስጥ የነበራቸውን ቤት ሸጠዋል። እንግዲህ አሳማዎቹ ካለቁ መመለሻ የላቸውም ማለት ነው። ይህንን ልብ በል፤ ቀልድ አልነበረም።

ጎረቤት ተንጫጫ። የእድሩ ሰዎች ለሀዘን ካልሆነ በቀር ግቢህን አንረግጥም አሉት። አንዳንዱም በበሩ ሲያልፍ ነጠላውን አፍንጫው ላይ ይጠመጥም ነበር፤ ሽታው ሳይደርሰው። ሰውየው ግን ከፋኝ አላለም። ጋጣዎቹን በብሎኬት ሠራ፤ ወለሉን በሲሚንቶ ለሰነ፤ ጠዋትና ማታ በጎማ ውኃ ያጥባል። ከሆቴል ትራፊ፣ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ፣ ከቢራ ፋብሪካ የብቅል አተላ በጋሪ ያስመጣል። እያንዳንዷን እናት አሳማ በየጋጣዋ ለይቶ አኖራት። መጀመሪያ አኩርፋው የነበረችው ሚስቱም ቀስ በቀስ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። እውነቱን ለመናገር ከሱ ይልቅ እሷ ነበረች እጇ የሚረጋው። እሱ ይሮጣል፤ እሷ ታያለች።

ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምልህ አንተ መሀል ላይ «ታዲያ ጥፋተኛው እሱ ነው» ብለህ እንዳታቋርጠኝ ነው። እንዲያውም አንጀቱ ስስ ነበር። አንድ ግልገል ሲያነክስ ካየ የራሱ እግር ያመዋል። ችግሩም የመጣው ከዚያው ከስስ አንጀቱ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ሁሉም አማረ። ከዚያ አንድ ጊዜ፣ ግልገሎቹ ጡት ከጣሉ በኋላ፣ አንዱ መመንመን ጀመረ። ወንድሞቹ ሲወፍሩ እሱ እየከሳ ሄደ። የጀርባው አጥንት ወጣ፤ ጸጉሩ ቆመ፤ ቆዳው ነጣ። ገንዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ይቆማል፤ አፉንም ይከታል፤ ነገር ግን አይውጥም። ሰውየው ለብቻው እንቁላል መታለት፤ ወተት በጡጦ ሰጠው፤ ፈውስ የለም።

እንግዲህ ይህ ሰው ያደገበት ቤት ልጅ እህል እምቢ ሲል ሐኪም አይጠራም ነበር። ልጁን አንጠልጥሎ ወደ ጎረቤት ነው። ከጎረቤት ልጆች ጋር አንድ ትሪ ከበው ሲሻሙ እምቢተኛው ሳያስበው መጉረስ ይጀምራል። እሱን ራሱን እናቱ እንደዚያ ነው ያሳደገችው። አንተም እኔም እንደዚያው ነው ያደግነው። ጥሩ ልማድ ነው፤ ለሰው ልጅ ይሠራል፤ ሆዱ ያልታመመ ልጅ ከሆነ።

ሰውየው ያንን ግልገል በጋቢው አቅፎ ወደ ሁለተኛው ጋጣ ወሰደው። እዚያ ያሉት ግልገሎች ሆዳሞች ናቸው፤ ገንዳው ላይ ይገፋፋሉ፤ ይጮኻሉ። ከነሱ ጋር ሲሻማ ምግቡ ይጥመዋል ብሎ መሀላቸው አስቀመጠው። እነሱም በማያውቁት እንግዳ ላይ ተነሱ፤ ነከሱት፤ ገፉት። እሱ ግን በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ሁለት ጊዜ ያህል የዋጠ መሰለ። ሰውየው ደስ አለው። ሲመሽ መልሶ አቅፎ ወደ ጋጣው ወሰደው።

በማግስቱ ያው ግልገል እንደገና እምቢ አለ። አሃ፣ እነዚያ አልተስማሙትም አለ ሰውየው፤ ወደ ሦስተኛው ጋጣ ይዞት ሄደ። ከዚያም ወደ አራተኛው። እንዲህ እያለ በየጋጣው አዞረው። ሚስቱ ፉርሽካ እያቦካች ታየዋለች። አንድ ቀን ያ ግልገል ሞተ። ሰውየውም አልቅሶ ቀበረው፤ ማልቀሱን ለማንም አልተናገረም።

ግልገሉ በሞተ በሳምንታት ውስጥ በሁለተኛው ጋጣ አንድ ከሲታ ተገኘ። ቀጥሎም በሦስተኛው። እሱስ ምን ያድርግ? አንጀቱ አይችልም። የከሳውን ሁሉ እያቀፈ ይዞራል። የዚህን ወደዚያ፣ የዚያን ወደዚህ። ከሩቅ ለሚያየው ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሕፃን አዝሎ ጎረቤት ለጎረቤት የሚዞር ሰው ይመስል ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው «ማን ነው?» ማለት የጀመረው። እንዳንተ። ሰው ሲጨንቀው አንድ ጥፋተኛ ካላገኘ እንቅልፍ አይወስደውም።

መጀመሪያ አውራውን ጠረጠረ። አውራ አሳማውን የገዛው ከሩቅ ሰው ነው፤ ዘሩ የማይታወቅ ነው፤ ከሲታዎቹ ሁሉ የሱ ልጆች ናቸው። ያልከሱትም የሱ ልጆች እንደሆኑ ልብ አላለም። አውራውን ወደ ቄራ ላከና ሌላ አመጣ። ክሳቱ ቀጠለ። ከዚያ ወደ ሆቴሉ ሄደና ምግብ አብሳዩን «የበከተ ትራፊ እየሰጠህ ልጆቼን ጨረስክ» አለው። ምግብ አብሳዩ በሰው ፊት ተሰድቦ ዝም የሚል ሰው አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራፊውን ለሌላ ሰው አደረገው። ቀጥሎ አጥር የሚጋራውን ጎረቤቱን ጠረጠረ። ይህ ጎረቤት ከሰፈሩ ሁሉ እሱ ብቻ ነበር በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «አሳማዎችህ እንዴት አማሩ» የሚለው። «ዓይኑ ነው» አለ ሰውየው። ጎረቤቱ ሰማ። በሰፈሩ የነበረው አንድ ሰላምታም ተቋረጠ።

ከሲታዎቹ እየበዙ ሰዎቹ እየራቁ ሄዱ። በመጨረሻ ሚስቱ ነች የእንስሳት ሐኪም የጠራችው።

ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ግን ሥራዋን ታውቃለች። ግቢው ከመግባቷ በፊት ቦት ጫማዋን በረኪና ባለበት ውኃ ነከረች። ከአንዱ ጋጣ ወደ ሌላው ስትሄድም ደግማ ነከረች። ሰውየው ይህን ሲያይ ተደነቀ፤ ለሚስቱም በሹክሹክታ፣ የዚህች ልጅ ጥንቃቄ ይገርማል አላት። ያን ጊዜ በብብቱ ሥር አንድ ከሲታ ግልገል ይዞ ነበር።

ሐኪሟ ሁሉንም አየች፤ ከሞቱትም አንዱን ከፍታ መረመረች። ከዚያ ሰውየው ጥያቄውን ጠየቃት፤ ማን አመጣብኝ?

«ጋሼ፣ ይሄ እንግዳ በሽታ አይደለም» አለችው። «ቫይረሱ አሳማ ባለበት ግቢ ሁሉ ማለት ይቻላል አለ፤ ብዙውን ጊዜ ተኝቶ ነው የሚኖረው። እርስዎ ማን አመጣው ይሉኛል። እኔ የምጠይቅዎ ምን ቀሰቀሰው ብዬ ነው።»

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችው። ገና ልጅ የሆኑ እንስቶችን በመጀመሪያ ፍላጎታቸው ከአውራው ጋር አገናኝተሃል፤ ልጅ እናት ለግልገሎቿ የምትሰጠው የመጀመሪያ ወተት ስንቅ አይሆንም አለችው፤ እርግጥ በአክብሮት ነው ያለችው። ገዢ ስለቸኮለብህ ጡት ያስጣልካቸው ቶሎ ነው። ጋጣው ጠቧቸዋል፤ ሌሊት ይበርዳቸዋል። ዘሩም ድርሻ አለው፤ አንዳንዱ አውራ የሚወልደው ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱ ደካማ፤ ነገር ግን ብቻውን አውራው አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተለያየ እናት ልጆችን አትቀላቅል። የማይተዋወቁ ግልገሎች ሲገናኙ ይጣላሉ፤ ይደነግጣሉ፤ አንዱ የያዘውን ሌላው ይወስዳል። የታመመውን ለይተህ አንድ ሙቅ ቦታ አስቀምጠው፤ አታዙረው። ይህን ሁሉ ብላው ስትወጣ እንደገና ቦቷን ነከረች።

ለሰውየው እንፍረድለት፤ ሰነፍ አልነበረም። ያለችውን ሁሉ አደረገ ማለት ይቻላል። ልጅ እንስቶቹን እስኪበስሉ ጠበቀ። ገዢው ቢቆጣም ጡት ማስጣሉን አዘገየ። ጋጣዎቹን አሰፋ፤ ለብርዱም ጭድ ጎዘጎዘ፤ አምፖል ሰቀለ። ከባዱን ሁሉ ፈጸመ። ቀላሉ ቀረ። ሥራ መጨመር ሳይሆን አንድ ሥራ መተው ብቻ ነበር፤ እሱ ግን አቃተው። በጠዋት ተነሥቶ ከሲታውን በጋቢው አቅፎ መዞሩን ቀጠለ።

ሚስቱ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆማ፣ ዶክተሯ አትቀላቅል አላለችህም ወይ አለችው።

«እኔ መች ቀላቀልኩ?» አላት ከልቡ ተገርሞ። «ለምሳ ነው የምወስደው። ሲመሽ እኮ ቤቱ እመልሰዋለሁ።»

አየህ? እኔ ተማሪ ፊት ቆሜ ብዙ ዘመን ኖሬያለሁ። ያልሰማ ተማሪ አያበሳጨኝም፤ ደግመህ ትነግረዋለህ። ሰምቶ፣ ጽፎ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ «ይሄ እኔን አይመለከትም» የሚለው ነው ጸጉሬን የጨረሰው። ያ ሰው መቀላቀል ክፉ እንደሆነ አምኗል። ቢጠየቅ ለሌላ ሰው ያስተምራል። የሱ ግን መቀላቀል አይደለም፤ የሱ ምሳ ነው። የሱ ርኅራኄ ነው።

አሁን ወደ ባልቴቷ እንምጣ። ከእናት አሳማዎቹ አንዷን ባልቴት ይሏት ነበር፤ ከሁሉ የቆየች፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ግቢውን ያቀኑት በሷ ልጆች ነው። ጠባይዋ አይጣል ነው። ከሚስትየው በቀር ማንንም ጋጣዋ አታስገባም። ሰውየው ከሲታ ይዞ ሊገባ በሞከረ ቁጥር እየዘለለች ታባርረዋለች፤ አንድ ጊዜም ሱሪውን ቀዳበታለች። የግቢው የመጨረሻ ጋጣ የሷ ነው። በዚያ ዙር የወለደቻቸው ግልገሎች ሌላው ሁሉ ሲመነምን ክብ ክብ ብለው ያድጉ ነበር። ሌሎቹ ጋጣዎች ተመናምነዋል፤ ከእንግዲህ ለዘር የሚሆን ነገር የቀረው እዚያ ብቻ ነው። የባልቴቷ ልጆች ከዳኑ ግቢው ይቀጥላል። ካልዳኑ ባልና ሚስቱ በሚሸሙርባቸው ጎረቤት መሀል አልፈው ወደ ከተማ ይመለሳሉ፤ የሚገቡበት ቤት ግን የለም።

ሰውየው ይህን ያውቃል። ጠዋት ጠዋት በባልቴቷ ግንብ ላይ ተደግፎ ግልገሎቹን እያየ፣ እነዚህ ምን ዓይነት በልተኞች ናቸው ይል ነበር። እንዲህ እያየ አንድ ሐሳብ መጣለት። ከሁሉም ክፉኛ የከሳ አንድ ግልገል ነበረው፤ እንደ ልጅ የሚወደው። ይሄ ከነዚህ ጋር አንድ ቀን ቢበላ ይድናል አለ። ባልቴቷ ጭቃዋ ውስጥ ለመንከባለል በኋላ በር የምትወጣበትን ሰዓት ያውቃል። እስክትወጣ ጠብቆ ግልገሉን በጋቢው አቅፎ መጣ።

ሚስቱ ቀድማው ነበር። በፊት ለፊቱ በር ላይ ቆማለች። በሩ ላይ የሰቀለችው ትልቅ ቁልፍ ከተማ ሳሉ የሳሎናቸውን በር ይቆልፉበት የነበረው ነው።

ክፈቺ አላት። አልከፍትም አለችው። ይሄ ልጅ እየሞተ ነው እኮ፣ አንድ ቀን ብቻ ይብላ አላት። እየለመናት ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሚስቱም አየችው፤ አዘነችለትም። ግን ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ ስለዚህ ነገር እንደለመነችው፣ ስንት ጊዜ እሺ ብሎ እንደገና ሲዞር እንዳገኘችው ታውቃለች። መክፈቻው እጇ ላይ ካለ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ልቧ ይራራና ትሰጠዋለች። ይህንንም ስለራሷ አወቀች። ስለዚህ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደችና መክፈቻውን ጉድጓዱ ውስጥ ወረወረችው።

ሰውየው ግልገሉን እንዳቀፈ ተከትሏት ሮጠ።

«አበድሽ?» አላት። «አሁን በየት በኩል ልንመግባቸው ነው?»

«በግንቡ ላይ» አለችው። «ምግብ በግንብ ላይ ያልፋል። አንተ ነህ የማታልፈው።»

ሰውየው ተናደደ። ሚስቴ በቤቴ ዘጋችብኝ ብሎ ለሐኪሟ ስልክ ደወለ፤ ሐኪሟ ነገሩን ስትሰማ እግዜር ይስጣት ይበሏት አለችው። ለወንድሙ ደወለ። ለንስሐ አባቱ ሊነግር አሰበና ነገሩ አሳማ መሆኑ ትዝ ሲለው ተወው። የኋላውን በር ሊሞክር ሲዞርም ባልቴቷ ከጭቃዋ ተመልሳ እዚያው በሩ ላይ ተጋድማ አገኛት።

ሲደክመው ግልገሉን እንዳቀፈ ከግንቡ ሥር ቁጭ አለ። መሄጃ አጥቶ ነው የተቀመጠው፤ አስተውሎ አይደለም። ሌሎቹን ጋጣዎች ሁሉ ከዚህ በፊት አዳርሷቸዋል። እዚያ ተቀምጦ ባሻገር አያቸው፤ ሁለተኛው ጋጣ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። በየትኛው እንደጀመረ፣ ቀጥሎ የቱ እንደተከተለ አንድ በአንድ ትዝ አለው። በሽታው የሄደበት መንገድ እሱ የሄደበት መንገድ ነው። ግቢው ውስጥ ያልከሱት ግልገሎች ያሉት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱ ያልገባበት ቦታ።

በክፋት ያደረገው ቢሆን ይሻለው ነበር። ክፉ ሰው ቢያንስ ማድረጉን ያውቃል። ይህ ሰው ያንን ሁሉ ሞት በገዛ ጋቢው እየጠቀለለ፣ እያቀፈ፣ እየሳመ ነው በየቤቱ ያደረሰው። ምግብ አብሳዩ ትዝ አለው። ያ ብቻውን ሰላም ይለው የነበረ ጎረቤቱ ትዝ አለው። ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ፤ በዚህ ጊዜ ግን ሚስቱ ሰማችው፤ መጥታም አጠገቡ ተቀመጠች። ምንም አላለችውም። ያኔ ምንም አለማለቷ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ብሆን አልችልም ነበር።

ያን ግልገል ወደ የትም አልወሰደውም። ጥግ ላይ ጭድ አነጠፈለት፤ አምፖል አበራለት፤ ውኃ አቀረበለት። ግልገሉ አልዳነም። የሚድን አልነበረም። ግን እሱ ከሞተ በኋላ ክሳቱ ወደ አዲስ ጋጣ አልተሻገረም። በባልቴቷ ጋጣ በግንቡ ላይ ምግብ ሲወረወር፣ በግንቡ ላይ በጎማ ውኃ ሲረጭ፣ ቆሻሻው በውኃ መውረጃው በረጅም እንጨት ሲጎተት ግልገሎቹ አደጉ። ሰውየው ሚስቱን በቁልፉ ምክንያት ሲወቅሳት የሰማ የለም። በመጨረሻ ቁልፉን በብረት መጋዝ የቆረጠው ራሱ ነው፤ ለመቁረጥም አስፈቅዷት ነው። ግቢው እንደገና የቆመው በነዚያ ግልገሎች ነው።

ጋሽ ደምሰው እዚህ ላይ አቆሙ። ጌጡ ሲሰማ ቆይቶ ቀስ በቀስ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ግሩም ምሳሌ ነው» አለ። «እውነትም ሰው የራሱን ጥፋት አያይም። ይሄን ምሳሌ የባሏ አጎት ቢሰሙት ልብ ይገዙ ነበር። አሁን ከዚህ ወጥቼ ልንገራቸው?»

ጋሽ ደምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። የሚያውቋቸው ሰዎች ጋሽ ደምሰው ሲጮኹ አይፈሩም፤ እንዲህ ዝቅ ሲሉ ነው የሚፈሩት።

«ጌጡ፣ እንግዲህ በግልጽ ልንገርህ፤ ምሳሌ አልሠራልህም። ልጅህና ባሏ የተጣሉት በምን ነበር? የባሏ ወንድም ሳሎናቸው ውስጥ ስለሰነበተ ነው። ይሄ የትም ቤት ያለ ነገር ነው፤ ተኝቶ የሚኖር ነገር ነው። ባልና ሚስት ብቻቸውን ቢተዉ በመኝታ ቤታቸው ያበርዱታል። ስመኝ አንድ ቀን ከፍቷት ላንተ ነገረችህ። አንተ ምን አደረግህ? ነገሩን አቅፈህ ይዘህ ወደ ክርስትና እናቷ ሄድክ። ትመክራቸው ብለህ። ከዚያ ወደ አጎትየው፤ ይገሥጸው ብለህ። ከዚያ ሐዋሳ ላለው ልጅህ ደወልክ፤ ያ ግልፍተኛ ደግሞ አማቹን ስልክ ላይ ሰደበው። ከዚያ የእድሩን ዳኛ አስቸገርክ። ዛሬ ክርስትና እናትና አጎት አይነጋገሩም። ወንድ ልጅህና አማችህ ተኳርፈዋል። የገዛ ሚስትህ በዚሁ ነገር ከእህቷ ጋር ተቃቅራለች። አማችህም በየሄደበት ቤት ነገሩን የሚያውቅ ሰው ስለሚያጋጥመው ከቤቱ ለመውጣት አፍሮ፣ ትዳሩን ትቶ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ እያሰበ ነው። አንተ ደግሞ ማን ነው እያልክ ትጠይቀኛለህ።»

ጌጡ ልቡ እንደወረደ ከፊቱ ይታይ ነበር። እኔ ለሽምግልና ነው እኮ የሄድኩት፣ ማንንም ላጣላ አስቤ አላውቅም አለ።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ደምሰው። «ለምሳ ነው የወሰድከው።»

ጌጡ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ልጁ ናት። አንድ ሴት ልጅ ናት ያለችው፤ በሠርጓ ቀን ደስታውን መቻል አቅቶት ጓሮ ሄዶ ያለቀሰላት ልጅ።

«በሯን የዘጋችው ስለጠላችህ አይደለም» አሉት ጋሽ ደምሰው፤ አሁን ቁጣው ከድምፃቸው ወጥቷል። «እስካሁን አንተ ያልገባህበት ነገር ቢኖር እሷና ባሏ ከዚያ በር ጀርባ የሚነጋገሩት ነው። የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። እሱን ነው የቆለፈችው። ይቅርታ አድርግልኝ ማለቷን ራስህ ነገርከኝ፤ የጠላ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም። ወደ አጎትየው አትሄድም። ወደ ክርስትና እናቷም አትሄድም። ይሄን እኔ የነገርኩህን እንኳ ለማንም አታወራም። ቤትህ ትሄዳለህ፤ ትቀመጣለህ። ስትፈልግህ ትጠራሃለች።»

ጌጡ ቀና አለ።

«ካልጠራችኝስ፣ ጋሼ?»

«ካልጠራችህ» አሉት ጋሽ ደምሰው፣ «ደህና ናት ማለት ነው።»